አንብቢልኝ

ሰባት ዓመት ሙሉ ወረፋ ላይ ቆሞ ስሜ ሲጠባበቅ፣
እኔ በብረቱ ጠመዝማዛ ደረጃ ሽቅብ ስንፏቀቅ፣
ዘንድሮ፣ የካቲት፣ ሞንትሪያል በበረዶ ታጥራ፣
ከደብዳቤ ሣጥኔ ነጭ ፖስታ ወጣ፤
የከተማው ቤቶች፦ «ተራሽ ነው፣ መጣ።»

ሊፍት ያለው ሕንጻ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ለፀሐይ፣
ኪራዩ የጡረታዬ ሩብ፤ ሦስቱ እጅ ለእኔ ሊቀር ነው ወይ?
«እስከ ዓርብ መልስ ስጪ» ይላል፤ ሰጠሁ፤ ፈረምኩ፤
በሠርጌም ቀን እንኳ እንዲህ አልቸኮልኩ።
ማታ ላይ ትዝ አለኝ፦ ውሌ ማለቂያው ሰኔ፤
በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ውል አፍራሽ፣ እኔ።

ቤቱን አልነቅፈውም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ተሸክሞኛል።
ክረምት ሲብስ ብቻ፣ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ በውስጥ በኩል በረዶ ያበቅላል።
ባሌን ሬዣንን የወሰዱት ለት፣ በዚያ ጠባብ ደረጃ
ቃሬዛው አልታጠፍ ብሎ፣ በወንበር አሥረው አወረዱት፤
ጫማው ብቻ ቀረኝ፣ የመውረዱ ማስረጃ።
ከዚያ ወዲህ ስወጣ እቆጥራለሁ፤
ሠላሳ አንዱ ላይ ስደርስ፣ አለሁ።

የተከራይ ማኅበር ሠራተኛዋ፣ ጸጉሯ ሰማያዊ ልጅ፣
«ሕጉ ካንቺ ጋር ነው» አለች፤ «ጻፊ፤ አስረክቢው እጅ በእጅ፤
ሁለት ወር ይበቃል፤ መለማመጥ አያስፈልግም።»
እንዳለችኝ ጻፍኩ፤ አራት መስመር፤ ይቅርታ የለበትም።

እሷ ግን አታውቅም።
የባለቤቱ፣ የሙሴ ታቫሬስ ዓይን ከደበዘዘ አምስት ክረምት አልፏል፤
እሁድ እሁድ ማታ፣ ጨው ዓሣ በሚሸት ወጥ ቤቱ ተቀምጬ፣
አንድ ጉማጅ ዳቦ ለራሴ ቆርጬ፣
የማነብለት እኔ ነኝ፦ የመብራት ሒሳቡን፣ የግብሩን ወረቀት፣
እህቱ ከደሴታቸው የላከችውን፣ የላም መውለድ፣ የጎረቤት ሞት።
በማላውቀው ቋንቋ፣ ፊደል እየቆጠርኩ፤
እሱ ሲያለቅስ ነው፣ ሞት መሆኑን ያወቅኩ።

ወረድኩ። የደረጃው መደገፊያ ጓንቴን ይነክሳል።
«ደብዳቤ አለ» አልኩት። «ከማን ነው?» ይላል።
«አንብቢልኝ እስቲ።» ወንበር ይስባል።

«ለሙሴ ኤሉቴሪዮ ታቫሬስ። ሦስተኛው ፎቅ የምኖረው
ተከራይዎ፣ የመንግሥት ቤት ስለ ደረሰኝ፣ ውሌን የማቋርጠው
ከሚያዝያ ማለቂያ ጀምሮ ነው።»
ድምፄን አቀዘቀዝኩ፣ የሌላ ሴት ደብዳቤ እንዲመስል፤
ስሜ ላይ ስደርስ ግን፣ «ሮላ...»፣
አንድ የዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቅርቅር ሲል

ዝም አልኩ።

«ቀኑን ድገሚልኝ።» ደገምኩ።
«እና የግንቦትን ሒሳብ ማን ያነብልኛል?»
ስለ ቀሪው ኪራይ አንድም ቃል አልወጣውም፤
ሾርባውን ያማስላል።

ያኔ ነው ሌላ ወረቀት ከካፖርቴ ኪስ ያወጣሁት፤
የዛሬ ሦስት ዓመት ቤቱን ልግዛ የሚል ኩባንያ የላከው፣
ቁጥሩ ከዜሮ ብዛት የዕቃ ባቡር የሚመስለው፣
ያን እሁድ «ማስታወቂያ ነው» ብዬ የዘለልኩት፣
ሹራቦቼ መሐል የደበቅኩት።

«ከሸጥክ ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ» አልኩት።
«አውቃለሁ። በማግስቱ ደውለውልኝ ነበር።
ላይ ቤት ሰው አለኝ አልኳቸው፤ ዘጋሁት፤ አበቃ ነገር።»
«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»
«አፍረሽ ትቀሪያለሽ ብዬ፤ እሁድ እንዳይቀር።»

ቅጂው ላይ ፈረመ፤ ጣቱን ይዤ መስመሩን ባሳየውም፣
ፊርማው ተንሸራቶ ስሜን ረገጠው፤ አላረምኩትም።

«በየትኛው አውቶቡስ ነው የሚመጣው፣ ወደ አዲሱ ቤትሽ?»
«ሰባ አንድ።» «አወፍረሽ ጻፊልኝ፣ ዓይኔ እንዲያየው፣ በእጅሽ።»
ባዶ ወረቀት ከየት ይምጣ፤ የኩባንያውን ደብዳቤ ገለበጥኩ፤
ከነዚያ ሁሉ ዜሮዎች ጀርባ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣
ሁለቱን አኀዝ በጥቁር ቀለም ጎለትኩ።
አፍንጫው እስኪነካው አስጠግቶ፣
«ሰባት» አለ፤ ቆይቶ፣
«አንድ።»